ትራስ ላይ የሚጀምር ሐሳብ፦ ጭንቅላትን አረጋግቶ የመተኛት አሠራር

መብራቱ ጠፍቷል። ሰውነት ዝሏል። ዓይን ከተከደነ ገና ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ጭንቅላት ግን ሥራውን ጀምሯል። ጠዋት የላክሁት መልእክት ቆጣ ያለ ይመስል ይሆን? የሐሙሱ ቀጠሮ ስንት ሰዓት ነበር? በሩን ቆልፌዋለሁ? ከስንት ዓመት በፊት የተናገርኩት ነገር ደግሞ አሁን ምን አመጣው? አንዱ ሐሳብ ሌላውን እየሳበ ይመጣል። ሲያወጡ ሲያወርዱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል፤ እንቅልፍ በዓይን አልዞረም።

እንዲህ ያሉ ሌሊቶችን ለረጅም ጊዜ አሳልፌያለሁ። ችግሩ አልጋ ላይ የሚጀምር ይመስለኝ ስለነበር የምታገለውም እዚያው አልጋ ላይ ነበር። ዓይኔን ጭምቅ አድርጌ «ተኛ፣ ተኛ» እላለሁ። በኋላ ቀኔን መለስ ብዬ ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። ከእንቅልፌ ስነቃ ስልክ፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ሰው፣ ከዚያ መንገድ፣ ማታ ደግሞ እንደገና ስልክ። ጭንቅላቴ የራሱን ጉዳይ የሚያነሳበት አንዲት ባዶ ደቂቃ አልነበረችም። ተራ የሚያገኘው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ታዲያ ያን ጊዜ ባይናገር መቼ ይናገር?

ከዚህ በታች የምነግራችሁ አሠራር ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። ለሐሳብ ከአልጋ በፊት ተራውን እንሰጠዋለን። አልጋ ላይ ስንወጣ ደግሞ ለጭንቅላት ቀለል ያለ ሥራ እናስይዘዋለን።

«አታስብ» ማለትን ተዉ

ይህ ከሁሉ ይቀድማል፤ ይህን ሳትተዉ ሌላው አይሠራም።

በ1987 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ቀላል ሙከራ አደረገ። ተሳታፊዎቹን «ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወል ደውሉ» አላቸው። ደወሉ መደወሉን አላቆመም። ይባስ ብሎ፣ በኋላ «አሁን ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች የበለጠ ድቡን አሰቡት። ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። አንድን ሐሳብ ለማባረር ጭንቅላት «መጥቷል? አልመጣም?» እያለ ዘብ መቆም አለበት። ዘብ የቆመ ሰው ደግሞ አይተኛም።

እንቅልፍም እንደዚያው ነው። አብዛኛው ነገር በጥረት ይገኛል፤ እንቅልፍ ግን በጥረት ይሸሻል። «አሁን ካልተኛሁ ነገ አለቀልኝ» ስትሉ ልብ መምታት ይጀምራል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሰውነት አደጋ የመጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሐሳብ ሲመጣ «መጣህ?» ብላችሁ እለፉት። መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

ከሰዓት በኋላ ወይም አመሻሽ ላይ ለሐሳብ ቀጠሮ ስጡት

በ1983 ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ ሐሳብ የሚያበዙ ሰዎችን የሚረዳ ዘዴ አሳተሙ። ሰዎቹ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓትና ቦታ ለ30 ደቂቃ ብቻ እንዲጨነቁ ቀጠሮ ይይዛሉ። በሌላ ሰዓት ሐሳቡ ሲመጣ ለቀጠሮው ያቆዩታል። ሲሰሙት እንግዳ ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የሠራልኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ላስረዳ።

ከመኝታችሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት የሚቀድም ጊዜ ምረጡ። በ3 ሰዓት ተኩል የምትተኙ ከሆነ 12 ሰዓት ተኩል ጥሩ ነው። 20 ደቂቃ ይበቃል። መኝታ ቤት ውስጥ አይሁን፤ አልጋ ላይማ ፈጽሞ። ወንበርና ጠረጴዛ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ስልክ ላይ አትጻፉ፤ ልትጽፉ ገብታችሁ መልእክት ስትመልሱ ትገኛላችሁ።

ወረቀቱን መሐል ላይ በመስመር ክፈሉት። በአንድ በኩል የሚያሳስባችሁን ጻፉ። በሌላው በኩል ቀጣዩን ትንሽ እርምጃ ጻፉ። መፍትሔውን አላልኩም፤ እርምጃውን ነው። ከእኔ ወረቀቶች አንዱ እንዲህ ይላል፦

የሐሙስ ስብሰባ — ረቡዕ ጠዋት ሥራ ስገባ መጀመሪያ ሪፖርቱን አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ።
የጥርሴ ሕመም — ነገ ከምሳ በፊት ደውዬ ቀጠሮ እይዛለሁ።
ከወንድሜ ጋር የተነጋገርነው — ቅዳሜ በአካል አገኘዋለሁ፤ እስከዚያ በመልእክት አልመልስም።
እናቴ እያረጀች ነው — 

አራተኛው ባዶ ነው። ባዶ የሆነውም ስለረሳሁት አይደለም። አንዳንድ ሐሳብ እርምጃ የለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ባዶው ቦታ ላይ «ይህ የሚፈታ አይደለም፣ የሚታዘን ነው» ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ከሐዘኑ ጋር እቀመጣለሁ። አንዳንዴ እንባ ይመጣል። ይምጣ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብቻዬን ጨለማ ውስጥ ከሚመጣብኝ አመሻሽ ላይ ወንበር ላይ ሆኜ ቢመጣ ይሻለኛል።

20 ደቂቃው ሲያልቅ ወረቀቱን አጥፋችሁ መሳቢያ ውስጥ ክተቱት። ተነሱና ሌላ ነገር ሥሩ። ማታ ሐሳቡ ተመልሶ ቢመጣ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ተጽፏል፤ ነገ 12 ሰዓት ተኩል እንገናኛለን።» መጀመሪያ ሰሞን ጭንቅላት ይህን አያምንም። ቀጠሮው በየቀኑ እንደሚከበር ሲያይ ግን እየለቀቀ ይመጣል። ስለዚህ ቀጠሮውን አትዝለሉ፤ «ዛሬ ምንም አላሳሰበኝም» በምትሉበት ቀን እንኳ ለአምስት ደቂቃ ተቀመጡ።

ቀን ላይ የሚበላሹ ነገሮች

እነዚህን ባጭሩ ልለፋቸው፤ ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ።

ካፌይን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። በ2013 በታተመ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት ቀድሞ የተወሰደ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ ቀንሷል። ቡናና ሻይ ከምሳ በኋላ ብታቆሙ ጥሩ ነው። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ በሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይቀሰቅሳል፤ ያን ሰዓት የነቃ ሰው ደግሞ ለሐሳብ የተመቸ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የመነሻ ሰዓታችሁን አንድ አድርጉ። ክፉ ሌሊት ካሳለፋችሁ በኋላም፣ በእረፍት ቀንም። ስንነቃ ጀምሮ ሰውነት የእንቅልፍ ፍላጎትን ቀስ በቀስ ያጠራቅማል። እስከ ረፋድ የተኛ ሰው ማታ በቂ ፍላጎት ሳያጠራቅም አልጋ ላይ ይወጣል። ያን ክፍተት የሚሞላው ሐሳብ ነው።

የመጨረሻዋ ሰዓት

ከመኝታ በፊት ያለችው አንድ ሰዓት የመሸጋገሪያ ጊዜ ናት። ደማቁን መብራት አጥፉና ደብዘዝ ያለውን አብሩ። ስልኩን ቻርጅ የምታደርጉበትን ቦታ ከመኝታ ቤት ውጪ አድርጉ። «አላርሜ እኮ እሱ ነው» የምትሉ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ፈልጉ። ስልክን እንዲህ ያከረርኩበት ምክንያት አለኝ። ስክሮል ስታደርጉ ጭንቅላት በየሰከንዱ አዲስ ነገር ይጎርሳል፤ ያንን ሁሉ የሚያላምጠው ትራስ ላይ ነው።

ለብ ካለው ሞቅ ያለ ሻወርም ይረዳል። በ2019 የታተመ የብዙ ጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ ከመኝታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ከ40 እስከ 42.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውኃ መታጠብ እንቅልፍ ቶሎ እንዲመጣ ያደርጋል። 10 ደቂቃ ያህል በቂ ነው። ሙቁ ውኃ ደምን ወደ እጅና እግር ይስባል፤ ሙቀት በዚያ በኩል ይወጣል፤ የውስጥ ሰውነት ይቀዘቅዛል። ለአንጎል ይህ መቀዝቀዝ የእንቅልፍ ምልክት ነው። ልክ አልጋ ላይ ልትወጡ ስትሉ አትታጠቡ፤ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ያስፈልጋል።

ከዚያ ሁለተኛዋ ወረቀት ትመጣለች። ይቺ አጭር ናት፤ 5 ደቂቃ። ነገና ከነገ ወዲያ መሠራት ያለባቸውን ነገሮች ብቻ ዘርዝሩ። በ2018 ማይክል ስከሊን የተባለ ተመራማሪ በቤይለር ዩኒቨርሲቲ 57 ወጣቶችን በእንቅልፍ ላብራቶሪ ውስጥ አስተኛ። ገሚሶቹ ከመተኛታቸው በፊት ወደፊት የሚሠሩትን ጻፉ፤ ገሚሶቹ የጨረሱትን ጻፉ። የሚሠሩትን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዝርዝሩ ይበልጥ የተብራራ ሲሆን ውጤቱም የተሻለ ነበር። ስለዚህ «ባንክ» ብላችሁ አትለፉ። «ባንክ፣ 4 ሰዓት ላይ፣ መታወቂያ ይዤ» ብላችሁ ጻፉ። ያልተቋጨ ነገር እንዳይረሳ ጭንቅላት ደጋግሞ ያነሳዋል። ወረቀቱ ላይ ካረፈ ማስታወሱ የወረቀቱ ሥራ ነው።

አልጋ ላይ፦ መጀመሪያ ሰውነት

አልጋ ላይ የምትወጡት እንቅልፍ ሲመጣ ነው እንጂ ሰዓቱ ስለደረሰ አይደለም። ድካምና እንቅልፍ ይለያያሉ። ደክሞት እንቅልፍ ያልመጣበት ሰው ይዝላል ግን ዓይኑ ይፈጥጣል። እንቅልፍ የመጣበት ሰው ዓይኑ ይከብደዋል፣ ያነበበውን መስመር መልሶ ያነባል።

ስትጋደሙ አገጫችሁን ልብ በሉ። ጥርስና ጥርስ ተጣብቀው ይሆናል። አላቅቋቸው። ምላስ ላንቃ ላይ ተለጥፎ ከሆነ ይውረድ። በቅንድብ መካከል ያለውን ቆዳ ፍቱት። ትከሻ ወደ ጆሮ ተሰቅሎ ከሆነ መልሱት። እኔ ይህን ሳደርግ ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ዘና ብያለሁ ብዬ በማስብበት ሰዓት ይህ ሁሉ ተወጥሮ መቆየቱ ነው።

ከዚያ ከእግር ጣቶች ጀምራችሁ አንድ በአንድ አጥብቁና ልቀቁ። ለ5 ሰከንድ ያህል ማጥበቅ፣ ለ15 ሰከንድ ያህል መልቀቅ። ጣት፣ ባት፣ ጭን፣ ሆድ፣ እጅ፣ ትከሻ፣ ፊት። የሚያም ቦታ ካለ ዝለሉት። ይህን ዘዴ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ያዳበረው ኤድመንድ ጄከብሰን የተባለ ሐኪም ነው። መነሻው የተፈታ ሰውነትና የተወጠረ አእምሮ አብረው መቆየት እንደሚቸግራቸው ነበር።

አተነፋፈስ ላይ ብዙ ቁጥር አላበዛባችሁም። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። ዋናው የሚወጣው ከሚገባው መርዘሙ ነው፤ አየር ስናስወጣ የልብ ምት ቀነስ ይላል። ትንፋሽ ካጠራችሁ ቁጥሩን አሳጥሩት። 10 ጊዜ ያህል በቂ ነው።

ቀጥሎ ለጭንቅላት የቃል ጨዋታ

ይህን ከልቤ እወደዋለሁ። ሉክ ቦዷን የተባለ ካናዳዊ የኮግኒቲቭ ሳይንስ ተመራማሪ ያመጣው ዘዴ ነው። እንቅልፍ ሊወስደን ሲል ሐሳባችን ይበታተናል፤ ምስሎች ያለ ምንም ግንኙነት ይመጣሉ ይሄዳሉ። ዘዴው ያንን መበታተን ሆን ብሎ መጀመር ነው።

አንድ ስሜት የማይቀሰቅስ ቃል ምረጡ። «መስኮት» እንበል። በመጀመሪያው ፊደል የሚጀምሩ ነገሮችን ፈልጉ፤ እያንዳንዱን በዓይነ ሕሊና ለጥቂት ሰከንድ እዩት።

መ፦ መርከብ። ትልቅ ነጭ መርከብ፣ ቀስ እያለ ሲሄድ። መሰላል። ግድግዳ ላይ የተደገፈ የእንጨት መሰላል። መነጽር። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ አንዱ መስታወቱ ላይ አሻራ ያለበት። መጥረጊያ። መዶሻ።

ሲያልቅባችሁ ወደ «ስ» እለፉ፦ ስዕል፣ ስንጥር፣ ስፌት። ከዚያ «ኮ»፦ ኮፍያ፣ ኮከብ፣ ኮረብታ። በፊደላችን አንዳንዱ ይጠባል፤ በ«ኮ» የሚጀምር ቃል ካጣችሁ ወደ ቤተሰቡ ግቡ። ካባ፣ ኩራዝ፣ ክር ሁሉ ይፈቀዳል። ፈተና አይደለም፤ የሚያርመው የለም።

ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ። ምስሎቹን በታሪክ አታያይዟቸው። መርከቡ ላይ መሰላል ካስቀመጣችሁ ታሪክ ተጀመረ፤ ታሪክ ደግሞ ጭንቅላትን ያነቃል። «ሥራ» ወይም የሚወዱትን ሰው ስም የመሰለ ቃልም አትምረጡ። በመሐል የነገው ጉዳይ ጥልቅ ካለ ሳትበሳጩ ወደ ቃሉ ተመለሱ። እኔ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ፊደል ላይ አልደርስም።

20 ደቂቃ ካለፈ ተነሱ

ይህ ክፍል ከባድ ነው። አልጋው ሞቋል፤ መነሳት ያስጠላል። ግን ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ ላጡ ሰዎች ከተሞከሩት ጠንካራ ዘዴዎች አንዱ ይህ ነው። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1972 ያስተዋወቀው ነው።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። አልጋ ላይ ለወራት ሲገላበጡ የሚያድሩ ሰዎች አልጋቸው ራሱ የመጨነቂያ ቦታ ይሆንባቸዋል። ሶፋ ላይ ሲያንጎላጁ የነበሩ ሰዎች አልጋ ላይ ሲወጡ ዓይናቸው ፈጥ ይላል። ይህን ትምህርት የምናስረሳው አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ በመተው ነው።

20 ደቂቃ ያህል ያለፈ ሲመስላችሁ ተነሱ። በግምት ነው፤ ሰዓት አትዩ። እንዲያውም ሰዓቱን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሩት። «9 ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ሰዓት ብቻ ቀረኝ» የሚለው ስሌት ከራሱ ከሐሳቡ ይብሳል። ሌላ ክፍል ካለ ወደዚያ ሂዱ። ከሌለ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ደብዘዝ ያለ መብራት፣ የማያጓጓ ንባብ፣ ልብስ ማጠፍ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ መስማት ይበቃል። ስልክ፣ ሥራና ዜና አይፈቀድም። ዓይን ሲከብድ ተመለሱ። እንቅልፍ ካልወሰዳችሁ እንደገና ተነሱ። ብርድ ልብሱንና መጽሐፉን ቀደም ብላችሁ ወንበሩ ላይ አስቀምጡ፤ አጠገባችሁ የተኛውን ሰው አትረብሹም። ዕድሜያቸው የገፋና ጨለማ ውስጥ የመውደቅ ስጋት ያለባቸው ሰዎች ግን መነሳቱን ትተው አልጋው ላይ ቀና ብለው ቢቀመጡ ይሻላል።

የመጀመሪያው ሌሊት አራት ጊዜ ተነስቻለሁ። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ዓይኔ ይጨናበስ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን አልጋ ላይ ስወጣ የሚቀበለኝ ነገር መለወጡን አየሁ። እንቅልፍ በጣም የተጫናችሁ ቀን መኪና አትንዱ።

ከእንቅልፍ ነቅታችሁ ሐሳብ ከያዛችሁ

በመሐል መንቃት የተለመደ ነው። ችግር የሚሆነው ነቅተን ነገር ስንፈትል ነው። እኔ አንድ ሕግ አለኝ፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ውሳኔ አልወስድም። ያን ሰዓት ሥራ መልቀቅ ልክ ይመስላል፤ ወዳጅ ጠላት ይመስላል፤ ትንሽ የሰውነት ሕመም ትልቅ ይመስላል። ጠዋት ላይ የዚያ ግማሹ እንኳ አይቀርም። አልጋው አጠገብ ብጣሽ ወረቀት አስቀምጡ። መብራት ሳታበሩ አንድ ቃል ጫሩበት፤ «ኪራይ»፣ «ሐኪም»። ለቀጠሮው ሰዓት ይደርሳል። ከዚያ ወደ ቃል ጨዋታው ተመለሱ።

ሐኪም ማየት የሚያስፈልግበት ጊዜ

እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ ሆኖ ለ3 ወር ከቀጠለ ወደ ሐኪም ሂዱ። እዚህ የጻፍኳቸው በርካታ ዘዴዎች ለእንቅልፍ ማጣት ከሚሰጥ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ጋር የሚዛመዱ ናቸው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት ይህ ሕክምና እንዲሰጥ መክሯል። በባለሙያ ሲመራ ከወረቀት ላይ መመሪያ ይበልጣል። ከሰው የተቀበላችሁትን የእንቅልፍ ኪኒን አትዋጡ። በሐኪም የታዘዘላችሁንም በራሳችሁ በድንገት አታቋርጡ።

ከባድ ማንኮራፋት ካለ፣ ተኝታችሁ ትንፋሽ ሲቋረጥ ሌላ ሰው ካየ፣ ወይም ማታ እግራችሁን ካላንቀሳቀሳችሁ እረፍት ካጣችሁ፣ ጉዳዩ ከሐሳብ ውጪ ሊሆን ስለሚችል ተመርመሩ። ሐሳቡ «መኖር አልፈልግም» ወደሚል ከዞረ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፣ ሕክምና ቦታ ሂዱ።

ከየት ትጀምሩ?

ሁሉንም ዛሬ ማታ አትጀምሩ። የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ ያዙ፦ አንድ የመነሻ ሰዓትና አመሻሽ ላይ ያለችውን 20 ደቂቃ። በሁለተኛው ሳምንት ስልኩን ከመኝታ ቤት አውጡና የነገውን ዝርዝር ጨምሩ። የቃል ጨዋታውን ግን ዛሬም መሞከር ትችላላችሁ። ለመጀመሪያ ቀን «መስኮት»ን ውሰዱ፤ ነገ የራሳችሁን ቃል ትመርጣላችሁ።